የሳንቃ በር ሩጫና የዛሪማው ፍየል

ደባርቅ፣ እሑድ ሰኔ 20 ቀን 1974 ዓ.ም.
ከማለዳ ጀምሮ ጉም ነው፤ አሁን ማካፋት ጀምሯል። በለጠችና ጽጌሬዳ አጠገቤ ተቀምጠዋል። በለጠች ምስር ትለቅማለች፣ ጽጌሬዳ ጉልበቷን በቅቤ ታሻለች።

ለእህቴ ለኡሙሰልማ፣

ሊማሊሞን ወርደሽ ከሄድሽ ወዲህ ጉሙ በተገለጠ ቁጥር ወደ ዛሪማ በኩል እመለከታለሁ። ምንም አይታይም፤ ግን እመለከታለሁ። ቆላው ተስማማሽ ወይ? የላክሽው ሎሚ ደርሶኛል። ግማሹን በለጠች በላችው፣ ግማሹን ከእሷ ደብቄዋለሁ።

ስለ ክንዴ ለጠየቅሽኝ፣ የለም። ልጄ ሚሊሺያ ሆኖ ኤርትራ ከዘመተ ይህ ሁለተኛ ክረምቱ ነው። ከጥምቀት ወዲህ አንዲት መስመር አልመጣችልኝም። ቀበሌ ስጠይቅ «ደብዳቤ ያጣሽው አንቺ ብቻ አይደለሽም» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። የሌላው ማጣት ግን የእኔን አይሞላውም።

ልንሮጥ መሆኑን ማን ነገረሽ ደግሞ? ወሬ ከመኪና ይቀድማል። ነገሩ እንዲህ ነው። የሴቶች ማኅበራችን ሊቀ መንበር ጓድ የሺወርቅ ሰብስባን፣ ለአብዮቱ በዓል፣ መስከረም ሁለት፣ ከሳንቃ በር እስከ ደባርቅ የሴቶች የተራራ ሩጫ እንደሚደረግ ነገረችን። ከየወረዳው ሦስት ሦስት ሴት ይወዳደራል፤ ከዳባትም ከጃናሞራም ይመጣሉ። ሦስቱም ካልደረሱ አይቆጠርም፤ ሰዓቱ የሚያዘው በኋለኛዋ ነው። ያሸነፉት ከመካከላቸው አንዲት ሴት ይመርጣሉ። የተመረጠችው ለዘማቾች ስንቅ ከሚያደርሱት ጋር ከጎንደር በአውሮፕላን አሥመራ ትሄዳለች።

እኔ ስብሰባ ላይ ተናግሬ እንደማላውቅ ታውቂያለሽ። ያን ቀን ግን እጄ ራሱ ወጣ።

«ጓድ ገበያነሽ፣ ዕድሜሽ ስንት ነው?» አለችኝ።

«ልጅ ለማዝመት የበቃ።»

 በለጠች ከኋላ ተነሥታ «እኔም አለሁበት፤ ጠላ ስሸጥ ሳይከፍል የሚሮጠውን ሳባርር የኖርሁ ነኝ» ብላ አሳቀቻቸው። ቀጥላ ጽጌሬዳን በእጇ ይዛ አስነሣቻት። ወደ ቤት ስንመለስ «እኛ እንሮጣለን፣ አንቺ ትሄጃለሽ፤ ነገሩ አለቀ» አሉኝ። አሥመራ ከደረስሁ የክንዴን ጦር የሚያውቅ ሰው አላጣም፣ ኡሙዬ።

አንቺ አህያ ነድተሽ ሊማሊሞን ስትወጪ ስትወርጂ የኖርሽ ነሽ። ዳገቱን እንችላለን፤ ቁልቁለቱ ላይ ግን የጽጌሬዳ ጉልበት ይከዳታል። ምን ብናደርግ ይሻላል?

በለጠች «የሎሚውን ሌላ ግማሽ አገኘሁት» ብለሽ ጻፊላት ትለኛለች።

እህትሽ ገበያነሽ


ዛሪማ፣ ሐምሌ 3 ቀን 1974

ለገበያነሽ፣ አሰላሙ አለይኩም፣

በጾም አፌ ነው የምጽፈው፤ ረመዳን ነው። እዚህ ሙቀቱ ድንጋይ ያፈላል። ደብዳቤሽ በወታደር መኪና መጣ፣ ይህም በወታደር መኪና ይመጣል፤ ስለዚህ ለአንቺ ስጽፍ ለአገር ሁሉ እንደምጽፍ ቁጠሪው። ፖስታውን የከፈትህ ወንድሜ፣ አንተም እንደምን አለህ!

ሩጫችሁን ለማየት አልመጣም። ይቅርታ አድርጊልኝ። የይለፍ ወረቀት ጠየቅሁ፤ «ሩጫ ለማየት ይለፍ አይሰጥም» አሉኝ። ለቀብር ይሰጣል ወይ ብላቸው ለቀብርም በመከራ ነው አሉ።

ስለ ቁልቁለቱ ስሚኝ። ተረከዛችሁን አታስቀድሙ። እርምጃ አሳጥሩ፤ እንደ ዶሮ ቶሎ ቶሎ ነው። ቁልቁለት ላይ ዐይን እግርን አያይም፤ ከፊት ያለውን ነው የሚያየው፤ እግር ራሱ ያውቀዋል። ጽጌሬዳ ከመካከል ትሁን፤ የኋለኛዋ በፊተኛዋ መቀነት ትያዝ። አህዮቼ ጉም ሲሆን እንዲህ ነበር የሚወርዱት፣ አፍንጫ በጭራ። በለጠች ይህን ስትሰማ የምትለውን ከዚህ ሆኜ ሰምቼዋለሁ፤ አዎ፣ አንቺ የፊተኛዋ አህያ ነሽ በያት።

ስለ ጫማም ልንገርሽ፣ አዲስ ሸራ ጫማ ቢሰጧችሁም አታድርጉት። የለመዳችሁት በረባሶ ይሻላል።

ጓድ የሺወርቅ ቁምጣ ልበሱ ማለቷን ሰምቼ ባሌ ሦስት ቀን ስቋል። እስቲ ልበሱት!

ኡሙሰልማ


ደባርቅ፣ ሰኞ ሐምሌ 26 ቀን 1974
ትናንት በረዶ ጥሎ ነበር፤ ዛሬ ጭቃ ነው። ብቻዬን ነኝ።

ለኡሙሰልማ፣

ቁምጣውን አልለበስንም። በለጠች ለጓድ የሺወርቅ «ጭኔን የሚያይ ቢኖር እኔ አልቃወምም፤ የሚያየው ሰው ነው የሚጎዳው» ብትላት ቀሚስ ተፈቀደልን። እንደ ዶሮ መርገጡንም ተምረነዋል። በመቀነት ተያይዘን ስንወርድ የሚያየን ሁሉ ይስቃል።

ዝምታዬ ለምን እንደበዛ ጠይቀሻል። ከሁለት ሳምንት በፊት እሑድ በሆነው ነገር ነው።

ጓድ የሺወርቅ በየመንደሩ ስናልፍ መፈክር እንድናሰማ አዝዛናለች። እኛም ከቧይት ራስ በታች ወዳለችው መንደር ስንቃረብ «እናት አገር ወይም ሞት!» እያልን መጣን። ነፋሱ በእኛ አፍ ላይ ነበር። ግማሹን ወሰደው። መንደሩ የሰማው «እናት» እና «ሞት» ብቻ ነው። ሦስት ሴቶች በጧት፣ ቀሚሳቸውን ሸብ አድርገው፣ ቁልቁል እየሮጡ! ኡሙዬ፣ በእኛ አገር ሴት ተሰብስባ የምትሮጠው ለምን እንደሆነ አንቺም ታውቂዋለሽ። እኔም አውቀው ነበር። እንዴት እንዳላሰብሁት ነው የሚገርመኝ።

እሪታው እኛ ሳንደርስ ተነሣ። ሰው ከየቤቱ ወጣ። አንድ ሽማግሌ «ማን ነው? የማን ልጅ ነው?» እያሉ ወደ እኛ መጡ።

«ኧረ ማንም አልሞተ!» አለች በለጠች። «እናት አገር ነው ያልን!»

«እናቱ ናት የሞተችው?»

«አገር! አገር ነው፣ አባባ!»

«አገር ሞተ?»

በሌላ ቀን ቢሆን እስከ ማታ እንስቅ ነበር። ነገር ግን አንዲት ሴት፣ ወለተ ሥላሴ ይሏታል፣ ልጇ ተክለ ማርያም ከክንዴ ጋር በአንድ ቀን የዘመተ ነው፤ ሩጫችንን ስታይ ማንም ሳይነግራት ለልጇ ነው ብላ ራሷን ጭቃው ላይ ጥላለች። ፊቷን ቧጥጣዋለች። አንሥተን ውሸት ነው፣ ሩጫ ነው፣ በዓል ነው ብለን ብንምል ብንገዘት አላመነችንም። ቀጥላም «አንዴ የወጣ እንባ ወዴት ይመለሳል?» አለች። ሽማግሌው ለብቻ ጠርተውኝ «በቁሙ የተለቀሰበትን ልጅ እናቱ በዐይኗ ካላየችው ልቧ አያርፍም፤ ይህን አድርጋችሁባታል» አሉኝ።

ልንሄድ ስንነሣ ሴትዮዋ እጄን ያዘችኝ። «አሥመራ የምትሄጅው አንቺ ነሽ አሉኝ። አደራ፣ ተክለ ማርያም በይ።» እሺ አልሁ። የሁለት ልጅ ስም ይዤ ነው አሁን የምሮጠው። ከዚያ ወዲህ መቀመጥ አልችልም።  ከእሷ ጩኸት ውስጥ የራሴን ድምፅ የሰማሁ ይመስለኛል።

መፈክሩን ትተነዋል። ጓድ የሺወርቅ ከጠየቀችን ትንፋሽ አነሰን እንላለን።

ገበያነሽ


ዛሪማ፣ ነሐሴ 5 ቀን 1974

ለገበያነሽ፣

እንኳን ለፍልሰታ ጾም አደረሰሽ። እኛም ዒዳችንን በደኅና አሳልፈናል።

ዛሬ በቀልድ አልጀምርም፤ ስለ ከብት ነው የምጽፍልሽ። እንዳረባልሽ የሰጠሽኝ ፍየል አለ አይደል? ደኅና ነው። ከመንጋው ተለይቶ፣ በረሃ ለበረሃ ብቻውን ተጉዞ፣ ባለፈው ሳምንት ከእኛ በረት ገባ። እኔ መጀመሪያ አላወቅሁትም፤ በጣም ከስቷል፤ በኋላ ግራ ጆሮው ላይ ያለውን ብጥ አየሁና አወቅሁት። ወንድሜ ጀላል ከግመሎቹ ጋር አስሮ ይቀልበዋል።

አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ። ባለ መንጋዎቹ ገና መጥፋቱን አላጣሩም ይሆናል። አንቺ ወደ እነሱ ሄደሽ «ፍየሌ የት አለ?» ብለሽ ስሙን ከጠራሽ ቆጠራ ይጀምራሉ፤ ቆጠራ ከጀመሩ ደግሞ እስከ እኔ በረት ይመጣሉ። እንዲህ ያለውን ፍየል የሚያደርጉትን ታውቂያለሽ። ያስጠጋውንም እንዲሁ።

ስለዚህ ሩጫው ይቅርብሽ። ጉልበትሽን ይመምሽ። አንቺ ደግሞ ዕድሜሽ ገፍቷል፤ ማን ይታዘብሻል?

ኡሙሰልማ


ደባርቅ፣ ረቡዕ ነሐሴ 12 ቀን 1974
ከሰዓት በኋላ ጾም ሳልፈታ፣ ዝናብ እየጣለ። በለጠችና ጽጌሬዳ አሁን ወጡ።

ለኡሙሰልማ፣

ደብዳቤሽ ግራ አጋባኝ። እኔ ላንቺ ፍየል መቼ ሰጠሁሽ? ከእናቴ ቤት ከወጣሁ ወዲህ ፍየል ኖሮኝ አያውቅም። ምናልባት በለጠች ይሆን የሰጠችሽ ብዬ ለሁለቱም ጮክ ብዬ አነበብሁላቸው። በለጠች «እኔ እንኳን ፍየል ልሰጥ የፍየል ቀንድም አልሰጥ! ሴትዮዋን ሙቀቱ ነክቷታል» ብላ ስትስቅ ቆየች። ጆሮው ላይ ስደርስ ግን ሳቋን አቋርጣ «ጨው ረስቻለሁ» አለችና ጽጌሬዳን አስከትላ ሄደች። ምን እንዳስከፋት አላወቅሁም።

ሩጫውስ ለምን ይቅርብኝ ትያለሽ? ከፍየል ጋር ምን አገናኘው?


ሐሙስ

ትናንት የጻፍሁትን አላሸግሁትም ነበር። ልቅደደው ብዬ ተውሁት፤ እንዴት ያለሁ ደነዝ እንደሆንሁ አይተሽ ሳቂ።

ፍየሌን አስታወስሁት። የስድስት ዓመት ልጅ ሳለ... ምን እላለሁ! ግልገል ሳለ ባሌ አለነ ሲያጭድ ከኋላው መጥቶ ማጭዱ ጆሮውን የነካው እሱ ነው። ይቅር በይኝ፣ ረስቼው አይደለም። ሰው አንድ ነገር አብዝቶ ሲጠብቅ፣ በሌላ መልክ ከመጣ አያውቀውም።

እግሩ ደኅና ነው? ያነክሳል? በልቶ ይጠግባል? ሌሊት ይተኛል?

ሩጫውን ልተው ብዬ ጧት ወደ በለጠች ሄጄ ነበር። ጾማቸውን እንደያዙ፣ በባዶ ሆድ፣ ሁለቱ ብቻቸውን ዳገቱን ሲወጡ አገኘኋቸው። «ዘገየሽ» ብቻ አሉኝ። ምን ልበላቸው? ከዚያ ወዲያስ ምክንያቴን ለጓድ የሺወርቅ ምን ልበላት? ልጅዋን ለማየት ቁማ የጮኸች እናት ድንገት ብትተው ሰው ምን ያስባል? ብሮጥ ጉድ፣ ባልሮጥ ጉድ። ተከትያቸው ሮጥሁ።

ገበያነሽ


ዛሪማ፣ ነሐሴ 27 ቀን 1974

ለገበያነሽ፣

አያነክስም። ይበላል። ሌሊት ይደነግጣል፤ ቀን ቀን ግን ጀላልን ሲያስቀው እሰማለሁ።

ከዚህ በላይ ማቆየት አልችልም። ከእንቁጣጣሽ በኋላ ጀላል ግመሎቹን ይዞ ወደ ምዕራብ ይወርዳል፤ ፍየሉም አብሮ ይሄዳል፤ ከድንበሩ ወዲያ ግጦሽ አለ ይላሉ። ሰኞ፣ መስከረም ሦስት፣ ጀላል ጨው ሊያራግፍ ዲብ ባሕር ይወጣል፤ እኔም እኖራለሁ። እስከ ቀትር ነው የምንቆየው። ከዚያ በኋላ መቼ እንደሚገኝ የሚያውቀው አላህ ነው።

ነይ አልልሽም። ሊማሊሞ አናት ላይ ያለውን ኬላ ታውቂዋለሽ፤ ያለ ይለፍ ወፍ አያሳልፍም። አትምጪም አልልሽም።

ኡሙሰልማ


ደባርቅ፣ መስከረም 14 ቀን 1975 ዓ.ም.
ሰማዩ ጠርቷል። ልጅሽ ከፊቴ ተቀምጣ ደብዳቤውን ትጠብቃለች።

ለኡሙሰልማ፣

በልጅሽ እጅ ስለምልከው ማንም አይከፍተውም፤ ስለዚህ እንደ ልቤ እጽፋለሁ። ፍየሉን ፍየል ማለቴን ግን አልተውም፤ አፌ ለምዶታል።

ዲብ ባሕር ላይ ለመነጋገር ጊዜ አልነበረንም። ሩጫው እንዴት ሆነ፣ ኬላውን በምን አለፋችሁ፣ ደግሞስ እጄን ሳነሣልሽ አይተሽኝ ሳለ ለምን ከግራሩ ሥር ቆምሽ ብለሽ ጠይቀሻል። በተራ ልመልስልሽ።

ሩጫውን አሸነፍን። የዳባቶቹ ወጣቶች ናቸው፤ ገና ከሳንቃ በር ስንነሣ ከዐይናችን ጠፉ። እኔ እንዳልሽኝ ላነክስ ቆርጬ ነበር። ሁለት ጊዜ ጉልበቴን ይዤ አጎነበስሁ። በሁለተኛው ላይ በለጠች ወደ ኋላ ተመልሳ፣ ጆሮዬ ሥር፣ «ነገ በምትፈልጊው እግር ዛሬ አትዋሺበት» አለችኝ። ቀና ብዬ አየኋት።  ጽጌሬዳም ወደ ሌላ ዞራ አፍንጫዋን ትጠርጋለች። ያን ቀን ጨው የረሱት ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ፤ የኋለኛውን ደብዳቤሽንም ከመኪናው ተቀብላ ያመጣችልኝ እሷ ነበረች።

ከዚያ ወዲያ ማነከሱን ተውሁት። ደባርቅ ስንገባ ሁለቱ የዳባት ልጆች ገመዱ ጋ ደርሰው፣ ወገባቸውን ይዘው ወደ ኋላ ያያሉ። ሦስተኛዋ የለችም። እኛ በመቀነት እንደተያያዝን በመካከላቸው አለፍን። አንደኛዋ «እነዚህ እናቶች እንደ አህያ ተጎታትተው ቀደሙን!» ብላ አለቀሰች። በለጠች ሳመቻት፤ «አይዞሽ ልጄ፣ አህያም ትደርሳለች» አለቻት።

ወለተ ሥላሴ ከሰዉ መካከል ቆማ ነበር። ፊቷ ላይ የቧጠጠችው ጠባሳ አለ። ጓድ የሺወርቅ ማይክራፎኑን ይዛ «አሥመራ የምትሄደው ማን ናት?» ስትለን፣ እኔ ሄጄ የወለተ ሥላሴን እጅ ይዤ አመጣኋት። «እሷ ትሂድ» አልሁ።  ጓድ የሺወርቅ ስለ እናትነት፣ ስለ መሥዋዕትነት ብዙ ተናገረች። ሰው አጨበጨበ። ቄሱ ሳይቀሩ ባረኩኝ። እኔ መሬት መሬት አያለሁ፤ ኡሙዬ፣ ያልሠራሁትን ጽድቅ ሰው ሁሉ ሲያሸክመኝ። ሴትየዋ እግሬ ላይ ልትወድቅ ስትል አነሣኋት።

«ክንዴን እጠይቅልሻለሁ፤ ስሙን እየጠራሁ በየድንኳኑ እዞራለሁ» አለችኝ።

 «ተይ» አልኋት። «ሁለት ስም ይዤ የሮጥሁ እኔ አውቀዋለሁ፤ አንዱ አንዱን ያስረሳል። አንቺ ያንቺን ብቻ ጥሪ።» እሺ ብላኛለች። ምላልኛለች። ትናንት ሄደዋል። እስክትመለስ ድረስ ዕረፍት የለኝም፤ ልጇን እንድታገኝም እጸልያለሁ፣ ቃሏን እንድትጠብቅም እጸልያለሁ።

ሰኞ ጧት ያደረግሁትን ደግሞ ይኸው።

ወፍ ሳይንጫጫ ተነሣሁ። ፊቴን ታጠብሁ። በሶ በጨው ለወስሁና በንጹሕ ጨርቅ ቋጠርሁ። የትናንቱን ነጭ ካናቴራ፣ ቁጥር የተጻፈበትን፣ ከቀሚሴ በላይ ለበስሁ፤ ሌላ ሙቅ ልብስ ስለሌለኝ እንጂ አስቤበት አልነበረም። በሩን ስከፍት በለጠችና ጽጌሬዳ ደጄ ላይ ካለው ድንጋይ ተቀምጠዋል። እነሱም ካናቴራቸውን ለብሰዋል፤ እነሱ ግን አስበውበታል።

«ወዴት ናችሁ?» አልኋቸው።

«ፍየል ልንገዛ!» አለች በለጠች፣ ጎረቤት እስኪሰማ።

«የጽጌሬዳ ጉልበት...»

«ጉልበቴን ለኔ ተይልኝ» አለች ጽጌሬዳ። በሦስት ወር ውስጥ ከእሷ የሰማሁት ቁጣ ይህ ብቻ ነው።

ወደ ኬላው ሳንቆም፣ ተያይዘን፣ እየሮጥን መጣን። ጠመንጃ የያዘው ልጅ ገና ጢም አላወጣም። እጁን ዘርግቶ አስቆመን።

«እማማ፣ ሩጫው ትናንት አላለቀም እንዴ?»

«ያለቀው የአውራጃው ነው» አለች በለጠች። «የክፍለ ሀገሩ አለብን።»

«የክፍለ ሀገሩ ቁልቁል ነው?»

«ቁልቁል ያልወረደ ምኑን ይወጣዋል? አንተ ደግሞ ላቤ ሳይደርቅ አሳልፈኝ! ብርድ ቢመታኝ ጓድ የሺወርቅ አንተን ነው የምትጠይቅህ።»

ቁጥራችንን አየ። ሳቀ። ትናንት ከሚያጨበጭቡት መካከል እንደነበረ ነገረን። ቋጠሮዬን እያየ «ይህስ ምንድን ነው?» አለኝ።

«በሶ ነው ልጄ። የመንገድ።»

ከበሶው ቆርሼ ሰጠሁት። እዚያው ቆሞ ጎረሰው። ገመዱን በአንድ እጁ አንሥቶ «በርቱ! አንደኛ ውጡ!» አለን። ሲያኝክ አገጩ እንደማንኛውም ሰው ልጅ አገጭ ነበር። ወደ ኋላ ላየው ፈልጌ አላየሁትም።

የእግር መንገዱን ይዘን ወረድን።   ጽጌሬዳ ሁለት ጊዜ ወደቀች፤ ሁለት ጊዜ ራሷ ተነሣች። ጉሙ ከበላያችን ቀረ፣ ሙቀቱ ከታች መጣ፣ ጆሮዬ ተደፈነ። ዲብ ባሕር ስንገባ ፀሐይ ገና ግማሽ ሰማይ አልደረሰችም። ግመሎቹ ተጭነው ነበር። አንቺን አየሁ፣ እጅሽንም አየሁ። ከአንቺ ወዲያ፣ ከግመሎቹ ጥላ ሥር፣ ጀርባውን ሰጥቶ ኮርቻ የሚያጠብቀውንም አየሁ።

ከግራሩ ሥር የቆምሁት ለዚህ ነው። ላቤን በነጠላዬ ጠረግሁ። የቀሚሴን ጭቃ በቅጠል ፈገፈግሁ። መቀነቴን ፈትቼ እንደገና አሰርሁ። ካናቴራውን አውልቄ ለጽጌሬዳ ሰጠኋት። እስትንፋሴ እስኪመለስ ጠበቅሁ፤ ልቤ እንቢ አለ እንጂ ትንፋሼስ ተመልሶልኝ ነበር። እናቱ እያለከለከች እንዲያያት አልፈለግሁም። ከዚያ በእርምጃ ሄድሁ።